ጋሼና የአራተኛው ፎቅ ድምፅ

ጋሼ ግድግዳ ያዳምጡ ነበር። ሰው ዜና እንደሚያዳምጠው ማለቴ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው፣ አልፎ አልፎም ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ባለው ቤታችን ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ሲወጡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቁርሱ ጠረጴዛ አልነበረም፤ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ነበር። ቀኝ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል፤ የግራ እጃቸውን መዳፍ ዘርግተው ከጆሯቸው አጠገብ ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። ዝም በሉ ያለን የለም። እሳቸው ሲያዳምጡ እኛም ሳናውቀው አብረን እናዳምጣለን። ሻይ የሚያማስል ሰው ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እንደያዘ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ምንም ሰምቼ አላውቅም፤ ግን በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ሊመልስላቸው ይችላል ብዬ ያልጠበቅሁበት ጠዋት አልነበረም።

“ደህና አድሯል” ይሉና ወደ ሻያቸው ይመጣሉ።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ዳዴ ትል ስለነበር ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ለእኔም የዳሯት እሳቸው ናቸው። በእሷና በእሳቸው መሀል ያሉትንም ወንድምና እህቶች ሁሉ እንዲሁ ለወግ አብቅተዋል። በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ድልድይና ፎቅ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸው ሲያርፉ ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው እኛ ጋ ጆሃንስበርግ መጡ። እሳቸው ሲመጡ የቤተሰቡ ችሎት አብሮ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ሱቅ ያላቸው የእህታቸው ልጆች ሲጣሉ የሚታረቁት እኛ ሳሎን ነው። ሚስት ሊያገባ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም ነበር፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰው ለመስማት ጠጋ ጠጋ ይልና መጨረሻ ላይ ተጣይው ሁሉ ጉልበታቸው ሥር ተሰብስቦ ይገኛል። ባለቤቴ “አንተ” ትላቸዋለች፤ ለእሷ አባትም ወንድምም ናቸው። እኔ ግን አማች ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው “እርስዎ” እንዳልኳቸው ቀረሁ።

ስለ ራሴም መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። እኔ ትምህርት ቤት የተውኩት ገና በልጅነቴ ነው። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ራሴ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን ራሴ፣ ዙሉውን ራሴ፣ ይህን የምጽፍበትን አማርኛም መጽሐፍ እያሳደድኩ ያቀናሁት ራሴ ነኝ። ጀፕ፣ የአገራችን ሰው በሚነግድበት መንገድ ላይ፣ መብራት ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ዲፕሎማ የያዙ ልጆች አጠገቤ ቆመው እጄን ያያሉ። ጉራ የመሰለው ሄዶ ይጠይቅ። ጋሼ በመጡ ሰሞን የቤታችንን የፊውዝ ሳጥን ከፍተው ሥራዬን ሲመረምሩ ቆዩና ጠሩኝ።

“ማን አስተማረህ?”

“ራሴ ነኛ።”

“መምህሩ ጎበዝ ነበር?”

“በጣም።”

“ተማሪውስ?”

“ከመምህሩ ይበልጣል።”

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደስ ሲላቸው “መምህሩ” ይሉኛል፤ ሲከፋቸው “ተማሪው”።

ሱቃችን በዚያን ጊዜ ጀፕ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ድሮ የሐኪሞች ነበር። በየበሩ ላይ የስም ሰሌዳ የተነቀለበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ይታያል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ የመድኃኒት ሽታ ይወጣል። ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል። በሐኪሞቹ ቢሮዎች መሀል የነበረው ግድግዳ እኛ ከመግባታችን በፊት በየፎቁ ፈርሶ ሰፋፊ ሱቅ ሆኗል። እኛ ብርድ ልብስ በጅምላ እንሸጥ ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቦንዳው ይመጣል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ እንደረድረዋለን፤ ከየሎኬሽኑ፣ ከከተማው ዳር ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ባለሱቆቹ መጥተው ሚኒባስ ታክሲ እየጫኑ እስኪወስዱት ድረስ ሱቁ ዋሻ ይመስላል። ባለቤቴ ወንበሯን የምታደርገው መሀል ለመሀል፣ በቦንዳዎቹ መካከል ነው። ከዚያ ሆና በሩንም ዕቃውንም ታያለች።

ድምፁ የጀመረው ጋሼ ሱቁን ሳያዩት በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ረገብ ሲል፣ ጠቅ ይላል። ሰው በጣቱ አንጓ ከሥር የሚያንኳኳ ይመስላል። ዝም ይላል። ሰው ረስቶ ወሬውን ሲጀምር እንደገና ጠቅ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጫማ ሻጭ ዕቃ የሚቀጠቅጥ መስሎን ስንታገሥ፣ አንድ ቀን እሱ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ከሆሳዕና የመጣ፣ ጨዋ ሰው ነው።

“እማማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ” አላት ባለቤቴን፣ “የምትወቅጡት ነገር ካለ ከሰዓት ባትወቅጡ። ደንበኞቼ ወደ ጣሪያው እያዩ ይሸሻሉ።”

“እኛ? እኛ እኮ አንተ ነህ ብለን ነው!”

ሁለቱ ተያዩ። በዚያው መሀል ከእግራቸው ሥር ጠቅ አለ። ጫማ ሻጩ ዞሮ ደረጃውን ወረደ።

ከሱቃችን ጀርባ ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛ ይመረምርበት የነበረ ጠባብ ክፍል አለ፤ በሩ እየተዘጋ ይከፈታል። መቆለፊያው እስኪይዝ ገፍተህ ትዘጋዋለህ፤ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ልክ ውስጥ ያለ ሰው ቀጣዩን ሕመምተኛ እንደሚጠራ። የምትጠርግልን የአገሩ ሴት አንድ ቀን ይህን አየችና መጥረጊያዋን አቆመች። “ሃው፣ ባባ” አለችኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ወረፋቸውን ሳያገኙ የሞቱ ሰዎች እንዳሉ በዙሉኛ ነግራኝ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ጠርጋው አታውቅም። ወሬው ሕንፃውን አዳረሰ። እኔ ለሁሉም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧ ነው። የድሮ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጮሃል። ማንም የገባው ባለሙያ የሚለው ይህንኑ ነው። ብቻዬን ሱቁን ስዘጋ ግን፣ አልዋሽም፣ ወደዚያ በር ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ደረጃውን ቀስ እያሉ፣ በየማረፊያው ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ወጡ። ሱቁ ውስጥ ሲገቡ ሰላም አላሉም። እሳቸው ሰላምታ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ፤ ከዚያ እህታቸውን አዩ።

“እዚህ ነው የምትውዪው?”

“አዎ ጋሼ።”

“እዚህ ወንበር ላይ?”

“አዎ፤ ምነው? ቁጭ በላ፣ ደክሞሃል።”

“ተነሺ።”

“ውይ ጋሼ፣ ደግሞ ጀመረህ!” ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ወለሉ ላይ ተደፍተው ጆሯቸውን ምድር ላይ አደረጉ። ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት የያዘችውን ብርድ ልብስ አስቀምጣ ወጣች። ድምፁ መጣ፤ ጠቅ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “እሺ፣ ሰምቻለሁ” አሉት። ለማን እንዳሉት አልገባንም።

ሲነሱ ቧንቧው ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

“ቧንቧ አይደለም፣ ተማሪው። ሶሌታው ነው፤ የወለሉ ኮንክሪት። ይህ ወለል የተሠራው ለአንድ ሐኪም፣ ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ሕመምተኛ ነው። እናንተ ተራራ ጫናችሁበት፤ ከሥሩ ያግዘው የነበረውን ግድግዳ ደግሞ ሌላ ሰው አፍርሶታል። ደክሞታል። መሀሉ ላይ ደግሞ እህቴን አስቀምጣችኋል።” ድምፃቸው እየወረደ እየወረደ ሄዶ ሹክሹክታ ሆነ። “ቦንዳውን አውርዱ። እሷን ግን ዛሬውኑ።”

“እናወርዳለን ጋሼ። ብርዱ እየገባ ነው፤ ከነገ ወዲያ ባለታክሲዎቹ ይጭኑታል” አልኳቸው።

አሁን አንባቢ፣ መሐንዲስ ተናግሮ እንዴት አልሰሙትም ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በዚያ ዓመት መርሳት ጀምረው ነበር። ባለቤቴን አንዳንዴ በሟች ባለቤታቸው ስም ይጠሯታል። አንድ ቀን ጠፍተውብን ስንፈልጋቸው ሁለት መንገድ አልፈው የማናውቀው ሰው አጥር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆመው አገኘናቸው፤ የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሞዛምቢካዊ፣ ከአጥሩ ወዲያ በኩል እሱም ጆሮውን ለጥፎ ምን እንደሚሰሙ ለማወቅ ይሞክር ነበር። ሐኪሙም መርሳቱ እንደሚብስ ነግሮናል። እና ወለሉ ደክሞታል ሲሉ እኔና ባለቤቴ ተያየን። የእሷ ዓይን ዕንባ ሞላ፤ የምታለቅሰው ግን ለወለሉ ሳይሆን ለወንድሟ ነበር።

ጋሼ ከዚያ በኋላ አልቀሩም። በየቀኑ ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ ሹፌሮቹ “ማዳላ”፣ ሽማግሌው፣ እያሉ የፊት ወንበር ይለቁላቸዋል። መጥተው የእህታቸውን ወንበር ወደ ግድግዳው ጥግ ይስባሉ፤ እሷ ደንበኛ ሲመጣ መልሳ ወደ መሀል ታመጣዋለች፤ እንደገና ይስባሉ። ድምፁ ሲመጣ እጃቸውን ያነሱና “ቆይ፣ ቆይ፣ ትንሽ ታገሥ” ይሉታል፤ የተቆጣ ጎረቤት እንደሚያባብል ሰው። የሚገርመው ደግሞ ዝም ይላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ “ቆይ” ካሉት በኋላ ያን ከሰዓት ሳይደገም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሰው ይህን እያየ እንዴት አያወራ? መጀመሪያ ሕንፃው መንፈስ አለበት ተባለ። ቀጥሎ መንፈሱ ሽማግሌውን ለመደ ተባለ። በመጨረሻ መንፈሱ ያለው ሽማግሌው ላይ ነው፣ የሚከተላቸውም እሱ ነው ተባለ። ሻርፕ የምትሸጥ የኮሪደራችን ሰው፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ባለቤቴን ጎትታ ወሰደቻት።

“እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ወንድምሽ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ራሴ እወዳቸዋለሁ። ግን ከመሬት ጋር ያወራሉ፤ መሬቱም ይመልስላቸዋል! ጠበል ይረጭ።”

“ጋሼ ላይ?”

“እሳቸውም ላይ፣ ክፍሉም ላይ፣ ከተረፈም ባልሽ ላይ። ቧንቧ ነው እያለ አሰለቸን።”

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጴንጤዎች ቀድመው በደረጃው ላይ ጸልየውበታል። የእኛ ወገን ደግሞ ቄስ ጠራ። ባለቤቴ ይህን ለወንድሟ ስትነግር ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር። እሳቸው ግን “ጠበል ማንንም አይጎዳም፤ እመጣለሁ” አሉ፤ ሸሚዛቸውንም ራሳቸው ተኮሱ።

ቀኑ ደመናማ ነበር። ሎድ ሼዲንግ ስለነበር መብራት የለም። ኮሪደሩ ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ገርበብ አድርጎ እኛ ጋ ገብቷል፤ ሰው የስልኩን መብራት ወደ ታች ይዞ ስለቆመ ጣሪያው ጨልሞ እግር እግሩ ብቻ ይታያል። ቄሱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደረጃው ስላደከማቸው በር ላይ ትንሽ አረፉ። ከዚያ ባልዲው ላይ ጸሎት አደረሱ። ሊረጩ ሲሉ ወለሉን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ፕላስቲክ ተነጥፎ ነበር።

“ይኼ ምንድን ነው? ፕላስቲክ ልባርክላችሁ ነው? ግለጡት።”

ቦንዳ የሌለበትን ቦታ ሁሉ እያጠፍን ገለጥን። ከሥሩ የድሮው ወለል ወጣ፤ የሐኪሞቹ፣ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ያለበት ልስልስ ወለል። ቄሱ ማእዘን ማእዘኑን ረጩ፤ የኋላውን ክፍል በር ረጩ፤ ጋሼን ረጩ፤ ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። ሻርፕ ሻጭዋ “በደንብ አባ፣ በደንብ” ስትል የተረፈውን ባልዲ ሙሉ በየግድግዳው ሥር ዞረው ደፉት። ከዚያ ጸጥ ብለን ጸሎቱን ሰማን። ባለቤቴ በቦታዋ፣ መሀል ላይ፣ ወንበሯን ተደግፋ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው የስልኩን መብራት ወደ ፊት አዞረ። ሌላውም አዞረ። ውሃው እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከአራቱም ግድግዳ ሥር ቀጫጭን ሆኖ፣ እንደ ጣት ተዘርግቶ፣ በወለሉ ላይ እየሳበ ወደ መሀል ይመጣል። አይቸኩልም። አንዱ ጣት ቦንዳ ሲያጋጥመው ይቆማል፣ በጎኑ ዞሮ ይቀጥላል። ቄሱ ጸሎቱን አቆሙ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ ባለቤቴ እግር ሥር ተገናኘ፤ ጫማዋን ከበበው፤ ጠለል አለ። እሷ ወደ ታች እያየች አልተንቀሳቀሰችም። ያኔ ከውሃው ሥር፣ ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ ጎልቶ፣ ጠቅ አለ፤ የተጠራቀመው ውሃም ፊቱ ተንቀጠቀጠ።

“እናቴ!” አለ አንድ ሰው።

“ማንም አይሩጥ” አሉ ጋሼ።

ድምፃቸውን እንደልማዳቸው ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት። ሁሉም ሰማ።

“ማንም አይዝለል። ሁላችሁም ጀርባችሁን ወደ ግድግዳው፤ ጥግ ጥጉን ይዛችሁ አንድ በአንድ ውጡ። እሷ መጀመሪያ።” ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። “ነይ እናቴ። ቀስ። እግርሽን አታንሺው፤ እየጎተትሽ ነይ።”

“ጋሼ፣ እግሬ እምቢ አለኝ።”

“ዳዴ ስትዪ የጠራሁሽ እኔ አይደለሁም? ያን ጊዜም እግርሽ እምቢ ይልሽ ነበር። ነይ።”

እግሯን እየጎተተች፣ ውሃውን እየተሻገረች መጣች። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ጉራዬን የሚያውቅ ሁሉ ይወቅልኝ፤ በሕይወቴ ከዚያች ጥቂት ርቀት የረዘመ መንገድ አላየሁም። እጃቸው ላይ ስትደርስ ይዘው ወደ ደረታቸው አላስጠጓትም፤ ወዲያው ወደ በሩ አሳለፉልኝና “ያዛት፣ መምህሩ” አሉኝ።

ቄሱ ጥግ ይዘው ሲወጡ ጋሼ አጠገብ ቆም አሉ። “ልጄ፣ ያየሁት ምንድን ነው?”

“ወለሉ ጎድጉዷል አባ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ውሃ ልክ ይዣለሁ፤ እንደ እርስዎ ባልዲ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አላጋጠመኝም።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀፕ ያለ ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ እኔ ግን እዚያው ስለነበርኩ የእኔን እመኑ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ። የመርሳት ነገር፣ የመንቀጥቀጥ ነገር የለም። የትኛው ቦንዳ ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ከየትኛው ጎን፣ ማን የት እግሩን እንደሚያሳርፍ እየነገሩ አወረዱ። ከላይ ኦርቶዶክሱ፣ ከታች ጴንጤው፣ ደረጃውን ሞልተን እጅ በእጅ እየተቀባበልን። ጫማ ሻጩም የራሱን ሱቅ ባዶ አድርጎ መጣ። ቦንዳ በተነሳ ቁጥር ሕንፃው ከውስጥ ያቃስታል፤ ረጅም፣ የተኛ ሰው ጎኑን ሲያዞር የሚያሰማውን ዓይነት። የመጨረሻዎቹ ሲነሱ የኋላው ክፍል በር፣ ያ ቢዘጉትም ተዘግቶ የማይቆይ በር፣ ቀስ ብሎ ሄዶ ራሱ ተዘጋ። መቆለፊያው ገባ። ሁላችንም ባለንበት ቀረን።

“ተነሣ” አሉ ጋሼ። ጎድጉዶ የነበረው ወለል ቀና አለ ማለታቸው ነው። እዚያ ያለነው ግን ሁላችንም ወደዚያ በር ነበር የምናየው።

ከዚያ ወዲያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብረት ድጋፍ ቆመ፤ አቋቋሙን የተቆጣጠርኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ነግረውኝ። ባለቤቴ ምድር ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ትንሽ ሱቅ ያዘች።

ጋሼ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳ ማዳመጥ ተዉ። ይህ ከበፊቱ የባሰ አስፈራን። ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ይወጣሉ፤ ግድግዳውን አልፈው መጥተው ይቀመጣሉ። ያቺ ሰዓት ስትደርስ እኛ በልማድ ዝም እንላለን፤ የሚያዳምጥ ሳይኖር ቤቱ ጸጥ ይላል። ስማችንን እየረሱ ሄዱ። የእኔን ቀድመው ረሱ፣ “መምህሩ” የሚለውን ግን አልረሱም። ማታ ባለቤቴ ስትገባ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር።

“የት ዋልሽ?”

“ምድር ላይ ጋሼ።”

“ከላይሽ ምን አለ?”

“ምንም የለም።”

“ከታችሽስ?”

“አፈር ነው።”

ይህን ሲሰሙ ይተኛሉ። አንድ ምሽት ጫማቸውን ልታወልቅላቸው ጎንበስ ስትል እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ትከሻዋ መሀል ለጠፉ። እሷ እንደተጎነበሰች ቀረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ቆዩ። ምን እንደሰሙ አልነገሩንም። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ሳይወጡ ቀሩብን። ገብታ ስታያቸው ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ጆሯቸው ግድግዳውን ነክቶ፣ መዳፋቸው እንደተዘረጋ አርፈዋል። ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም፤ የሚሰማውን ለመስማት ትንሽ የቀረው ሰው ፊት ነበር።

ለቅሶው ላይ ያልመጣ የለም። ቄሱ መጡ፤ ጫማ ሻጩ ሲያለቅስ ሰው ደግፎ አስወጣው። ሻርፕ ሻጭዋ ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳው ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ያን ቀን አፏ አረፈ። የእህታቸው ልጆች ጋሼ የሠሩትን ድልድይ ሁሉ እየጠሩ አወሩ። እኔም አወራሁ፤ ከሁሉም በላይ አወራሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ እኔ አውቃቸዋለሁ።

አሁን፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አራተኛው ፎቅ ተከራይቷል። ከአገራችን ደቡብ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሥራ የሚወዱ፣ ሰው የሚያከብሩ። ሦስተኛ ፎቅ የገባው አዲስ ሰው ቦታ አጣበበብኝ ብሎ ድጋፉን አስነቅሎታል። ክረምቱ ሲቃረብ ቦንዳ ሲወጣ አየሁ። ከታች ሆኜ የቻልኩትን ያህል ታገሥኩና በሦስተኛው ቀን ወጣሁ። ኤሌክትሪኩን ልይ ብዬ ነው የገባሁት። አዲስ ፕላስቲክ አንጥፈዋል። እስከ ጣሪያ ደርድረዋል። ሚስቲቱ ቁመቷ ዘለግ ያለ ልጅ ናት፤ ቦንዳው መሀል ምንጣፍ ዘርግታ ሕፃኗን አስተኝታለች።

እንደቆምኩ ሰማሁት። ጆሮዬ ከዕድሜዬ ጋር ደክሟል፤ ሐኪም ነግሮኛል። እሱን ግን ሰማሁት።

“ይህ ድምፅ ከጀመረ ቆየ?” አልኩ።

ባልየው ሳቀ። “ቧንቧ ነው አባባ። ሁሉም ቧንቧ ነው ይላል።”

ማን እንዳላቸው አልጠየቅሁም። ስለ ጋሼ ነገርኳቸው፤ ስለ ወለሉ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ድጋፉ። እኔ ስናገር ሰው ይሰማል፤ በዚህ አልታማም። ሁለቱ ግን እየሰሙኝ ተያዩ። ያን መተያየት አውቀዋለሁ። ከዚያ ወንበር አመጡልኝ፤ ለስላሳ ከፈቱልኝ።

“አባባ፣ አይጨነቁ” አለችኝ ልጅቷ። “ጸልየንበታል።”

“እኛም ጸልየን ነበር።”

“ታዲያስ?”

“ጸሎቱ ተሰማ። አውርዱ ነው የተባልነው።”

ባልየው እንደገና ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። “እናወርዳለን አባባ። ከነገ ወዲያ ከካትሌሆንግ የሚጭኑ አሉ።”

ለስላሳውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ከነሕፃኑ ይዛ ቀስ ብላ፣ እግሯን ሳታነሳ፣ ወደ ግድግዳው ጥግ ትጎትታለች። ባሏ “ምን ሆንሽ?” ይላታል። ሕፃኑን ግድግዳው ሥር አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ መሀል ያለውን ወለል እያየች።

ቦንዳው ዛሬም እዚያው ነው። ነገ ጠዋት እወጣለሁ፤ ከነገ ወዲያም። እኔን ከዚያ ደረጃ የሚያስቀረኝ የለም።